የራስ ያልሆነን መሬት መስጠት ይቻላልን?



ዛሬ ከወትሮው የፖለቲካ ሐተታ ጥቂት ፈቀቅ ብዬ ስለ አንዲት ተዳፋት ላወጋችሁ ነው። ተዳፋቷ በዋግ ኽምራ ደጋ፣ ከሰቆጣ ከተማ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ርቃ ትገኛለች። ስፋቷ አንድ ጥማድ ቢሞላ ነው። በላይዋ ወይራ፣ ክትክታና ጥቂት ጽድ ቆመውባታል፤ ከግርጌዋ አንዲት ምንጭ ትፈልቃለች። «ከፖለቲካ ፈቀቅ ብዬ» ማለቴ ግን ራሴን መሸንገል ነው፤ በአገራችን ከመሬት የቀደመ ፖለቲካ የለም፤ ከመሬት የከረረም የለም።

ነገሩ የሚጀምረው በ1977 ዓ.ም. ነው። ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ። የዋግ ሰው ያን ዘመን በቁጥር አያስታውሰውም፤ በጎደለበት ሰው ያስታውሰዋል እንጂ። እናቴ እኛን ልጆቿን ይዛ እንደ ብዙው የዋግ ሰው ወደ ኮረም ስትሰደድ አባቴ ከብቶቹንና ቤቱን ሊጠብቅ ቀረ። ከብቶቹ ሲያልቁ የቀረው ነገር ዛፍ ብቻ ነበርና ያችን ተዳፋት ቆረጣት። ወይራውን እየፈለጠ በጀርባው ተሸክሞ ሰቆጣ ገበያ አወረደው፤ በዋጋውም ከሞት ተረፈ። እኛ ከኮረም ስንመለስ አንዲት እኅቴ አብራን አልነበረችም። ተዳፋቷም ራቁቷን ነበረች። በሚቀጥለው ክረምት ጎርፉ አፈሩን አጥቦ ምንጯን ደፈናት፤ ቀድሞ እስከ ግንቦት ትዘልቅ የነበረች ምንጭ በጥር ነጠፈች።

አባቴ ያን ጊዜ ተሳለ። «ከእንግዲህ አልቆርጥም፣ አላስቆርጥም» አለ። ችግኝ አልተከለም፤ አጥር አላጠረም። ዝም ብሎ ተወው። ወይራ ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ ዛፍ ነውና በዓመቱ አቆጠቆጠ፤ በዐሥር ዓመቱ ጥላ ሆነ፤ ዛሬ ከአርባ ዓመት በኋላ ምንጯ ዳግመኛ እስከ ግንቦት ትዘልቃለች። ከተዳፋቷ በታች ያሉ ጎረቤቶች ከእርሷ ይቀዳሉ፤ ጓሮአቸውንም ያጠጣሉ።

ይህን ሁሉ ዕድሜዬን ሙሉ ሳውቀው እንደ ተራ የቤተሰብ ታሪክ ነበር የምቆጥረው። ትርጉሙን ያየሁት ሌላ አገር ሄጄ፣ ከአንድ ፈረንጅ ሽማግሌ አንደበት ነው።

የቨርጂኒያው ሽማግሌ

የምኖረው በአሜሪካ በቨርጂኒያ ግዛት ነው። ከዓመታት በፊት በትርፍ ሰዓቴ አንድ አዛውንት ገበሬን በድርቆሽ ሥራ አግዝ ነበር። ሰውየው ሰፊ መሬት አላቸው፤ በአካባቢያቸው ግን ማሳው ሁሉ ወደ ቪላ ቤትነት እየተለወጠ ነበር። አንድ ቀን «ይህንም አንድ ቀን ይሸጡት ይሆናል» ብላቸው ሳቁና «ብፈልግ ልሸጠው እችላለሁ፤ ገዥው ግን ቤት ሊሠራበት አይችልም። ያን መብት ሰጥቼዋለሁ» አሉኝ። ለማን ብላቸው ለአንድ የመሬት አደራ ድርጅት እንደ ሆነ ነገሩኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። መሬቱ የእርሳቸው ነው፤ ያርሱታል፤ ለልጃቸው ሊያወርሱት ይችላሉ፤ ታዲያ የሰጡት ምንድን ነው? ቀስ ብዬ ስጠይቅ ነገሩ ተገለጠልኝ። ፈረንጆቹ «ኮንሰርቬሽን ኢዝመንት» ይሉታል። በእነርሱ ሕግ የመሬት ባለቤትነት አንድ ነገር አይደለም፤ እንደ ጭራሮ እስር የብዙ መብቶች ጥምር ነው። የማረስ መብት፣ ቤት የመሥራት መብት፣ የመሸንሸን መብት፣ ደን የመመንጠር መብት፣ የመሸጥ መብት እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጭራሮ ናቸው። ባለቤቱ ከእስሩ መካከል ለምሳሌ የመሸንሸንን፣ ቤት የመሥራትንና የመመንጠርን ጭራሮ መዝዞ ለአደራ ድርጅቱ ይሰጣል። ድርጅቱ ደግሞ በተሰጠው መብት አይጠቀምበትም፤ ሥራው ማንም እንዳይጠቀምበት መጠበቅ ነው። ውሉ በአካባቢው ፍርድ ቤት መዝገብ ይሰፍራል፤ ከዚያ በኋላ የሚወርሰውንም የሚገዛውንም ያስራል። ድርጅቱ በየዓመቱ ሰው ልኮ ወሰኑን ያስጎበኛል። ውሉን ማፍረስ የሚቻለው በፍርድ ቤት ብቻ ነው፤ ያውም ዓላማው ከናካቴው ሊፈጸም የማይችል ሲሆን።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1891 ቻርለስ ኤልየት በሚባል ሰው አነሣሽነት በማሳቹሴትስ መሬትን ለሕዝብ በአደራ የሚይዝ ድርጅት ተቋቋመ፤ ቨርጂኒያ በ1966 ይህን የሚያከናውን የራሷን ተቋም በሕግ አቆመች፤ በ1981 ደግሞ ለግዛቶቹ ሁሉ አርአያ የሚሆን ሕግ ተረቀቀ። ያ ሕግ ያስፈለገበት ምክንያት ልብ ሊባል ይገባል። በጥንቱ ልማድ እንዲህ ያለውን ግዴታ በአንድ መሬት ላይ ለመጫን ተጠቃሚ የሚሆን ጎረቤት መሬት ያስፈልግ ነበር፤ ጎረቤት መሬት የሌለው ድርጅት ግዴታውን ሊይዝ መቻሉ አጠራጣሪ ነበርና ነው። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

ሽማግሌውን ቅዱስ አድርጌ ልሥላቸው አልፈልግም። ሰጪው ከመንግሥት ዋጋ ያገኛል። መሬቱ ከስጦታው በፊት አንድ ሚሊዮን ዶላር፣ ከስጦታው በኋላ ስድስት መቶ ሺሕ ቢገመት ልዩነቱ እንደ በጎ አድራጎት ስጦታ ተቈጥሮ ከግብር ይታሰብለታል፤ ቨርጂኒያ ደግሞ ከስጦታው ዋጋ አርባ በመቶውን ከግዛቷ ግብር ታቻችላለች። ይህን ያዩ ብልጣብልጦች ርካሽ መሬት ገዝተው፣ ዋጋውን በሐሰት አስቈልለው፣ ስጦታውንም ለባለሀብቶች አከፋፍለው ግብር ሲያመልጡበት ኖረዋል፤ የአሜሪካ ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 በር የሚዘጋ ሕግ ለማውጣት ተገድዷል። ሌባ የማይገባበት የጽድቅ ሥራ በየትም አገር የለም።

የሆነው ሆኖ በዚያ ቀን ድርቆሹን እያሰርሁ ያሰብሁት አባቴን ነበር። «አልቆርጥም፣ አላስቆርጥም»። አባቴ ከአርባ ዓመት በፊት ያደረገው ይህንኑ አይደለምን? ልዩነቱ የሽማግሌው ቃል በመዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ የአባቴ ቃል ግን ያለው በአባቴ እስትንፋስ ላይ ነው። አባቴም ሰማንያ ዓመቱን ይዟል።

የሌለውን መስጠት

በኢትዮጵያ ሕግ አባቴ የዚያች ተዳፋት ባለቤት አይደለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 31 የገጠሩን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት አደረገው፤ የባላባቱም የቤተ ክርስቲያኑም የባለ ርስቱም መሬት ያን ቀን አንድ ሆነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ይህንኑ አጸና፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። አርሶ አደሩ ባለይዞታ ነው። ሊያርስ፣ ሊያከራይ፣ ሊያወርስ ይችላል፤ ባለቤት ግን አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ወዳጆቼ ዘለው «ታዲያ መሬቱን ለገበሬው በባለቤትነት ስጡት!» ይላሉ። እኔ የዋግ ልጅ ነኝና እንዲህ በቀላሉ አልዘልም። በ1977 ዓ.ም. አባቴ ወይራውን የሸጠው መሬቱን መሸጥ ስላልቻለ ነው። ቢችል ኖሮ ይሸጠው ነበር፤ ጎረቤቶቹም ሁሉ በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ቁና እህል ይሸጡት ነበር፤ እኛም ከኮረም ስንመለስ የሰው መሬት ላይ እንቀመጥ ነበር። «አይሸጥም» የሚለው ቃል ከአዲስ አበባ ሲታይ ሰንሰለት ይመስል ይሆናል፤ ከዋግ ሲታይ ግን ምርኩዝም ነው። ይህን የማይቀበል ተከራካሪ ረኀብ አይቶ አያውቅም።

ነገር ግን ምርኩዙ ዋጋ አለው። የራሱ ያልሆነን ነገር ማንም መስጠት አይችልም። ሕገ መንግሥቱ በዚያው አንቀጽ፣ አንድ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ላፈራው ንብረትና ላደረገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት ይሰጠዋል። መልካም ነው። የተከለውን ያውቅለታል፤ እርከን የሠራውን ያውቅለታል። አባቴ ግን ምን ሠራ? አልቆረጠም፤ አላረሰም፤ ተወው። ሕጋችን የተሠራን ሥራ ያያል፤ የተተወን ነገር የሚያይበት ዓይን የለውም።

ሕጉ ብቻ አይደለም፤ ፖለቲካችንም እንዲሁ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ለዓለም ተነገረ። ችግኝ መትከል ዜና ነው፤ ሚኒስትር ይገኝበታል፤ ፎቶግራፍ ይነሣበታል። አርባ ዓመት አለመቁረጥ ግን ማንም ፎቶ ሊያነሣው የማይችል ሥራ ነው።

መሬት አይታረስ ብሎ የሚያዝ ሕግ የለም ማለቴ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቍጥር 456 ተዳፋትነቱ ከስድሳ በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዳይታረስና ልቅ ግጦሽ እንዳይገባበት ከልክሎ ነበር፤ ከሠላሳ አንድ እስከ ስድሳ በመቶ ያለውን ግን ጠረጴዛማ እርከን እየተሠራበት እንዲታረስ ፈቅዷል። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 1324 ተተክቷል። ይህ ሁሉ ግን ትእዛዝ ነው፤ ከላይ ይወርዳል። ትእዛዝ ደግሞ ከአዛዡ ጋር ይሞታል። በደርግ ዘመን በምግብ ለሥራ የተከለሉ ተራሮችና የተተከሉ ደኖች በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በሰሜኑ አገራችን በብዙ ቦታ በጥቂት ወራት ተመነጠሩ። ገበሬው ዛፍ ስለ ጠላ አልነበረም። «የመንግሥት ዛፍ» ነበረ፤ መንግሥቱም ሄደ።

ግዝት የጠበቀው

ታዲያ መንግሥታት ሲለዋወጡ ያልተቈረጠው የትኛው ነው? በሰሜን ኢትዮጵያ የተጓዘ ሰው ሁሉ መልሱን ያውቃል። ዐይን እስኪታክት ከተራቈተው ሜዳ መካከል ድንገት አረንጓዴ ክብ ነገር ብቅ ይላል፤ ከመካከሉም የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ይታያል። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር ከአንድ ሺሕ የሚበልጡ እንዲህ ያሉ አጸዶችን ጉዳይ ለዓለም አሳውቀዋል፤ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋርም ሆነው ምእመናኑ ከየማሳቸው በለቀሙት ድንጋይ አጸዶቹን በካብ እንዲያጥሩ ረድተዋል። በሕግ ዓይን የአጸዱ መሬትም ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ነው። ይህን ግን ለወይራው የነገረው የለም፤ መጥረቢያ የያዘውም ሰው አያምንበትም። ሰውየው የሚያምነው ግዝቱን ነው።

አባቶቻችን የመሬት ስጦታን በወንጌል መጽሐፍ ኅዳግ ላይ ይጽፉ ነበር። ሰጪው፣ ተቀባዩ፣ ወሰኑ፣ ምስክሮቹ ይዘረዘራሉ፤ በመጨረሻም ይህን ቃል ያፈረሰ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ይባላል። የቨርጂኒያውን ውል ካየሁ በኋላ ይህን ሳስበው ተገርሜአለሁ፤ ቅርጹ ያው ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ያ ጥንታዊ ስጦታ በአብዛኛው ዛፍ ለማዳን አልነበረም፤ ንጉሡ ለደብሩ የሚሰጠው የገበሬውን ግብር ነበር፤ ሰጪው ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ። ያን ዘመን ናፋቂ አይደለሁም። የምለው፣ ቃልን ከሰጪው ዕድሜ በላይ የሚያኖር ብልኀት ለአገራችን እንግዳ አይደለም ነው።

ሃይማኖት ብቻም አይደለም። በመንዝ የጓሳ ሣር ከዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ሣሩ ለዓመታት ይከለላል፤ ሲደርስ በስምምነት ይከፈታል፤ ከዚያ ዳግመኛ ይዘጋል። የ1967ቱ አዋጅ ሥርዓቱ የቆመበትን የርስት መሠረት ቢያፈርሰውም ሕዝቡ በሌላ መልክ አቁሞት፣ በኋላም የክልሉ መንግሥት የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ ዐውቆታል። ዛሬም ቀይ ቀበሮ ይኖርበታል። እንግዲህ መሬት የመንግሥት በሆነበት አገርም የሕዝብን ፈቃድ ሕግ ሊያውቅለት ይችላል ማለት ነው። የአንድ ገበሬን ፈቃድስ?

ታናሽ ወንድሜ

አሁን ወደሚያመኝ ክፍል ልግባ።

ከሁለት ዓመት በፊት ለአባቴ ደውዬ ተዳፋቷ ከእርሱ በኋላ ምን እንደምትሆን ጠየቅሁት። ዝም አለ። ቆይቶ «ወንድምህን ጠይቀው» አለኝ።

ታናሽ ወንድሜ ከአባቴ ጋር ነው የሚኖረው። አምስት ልጆች አሉት፤ በስሙ የተመዘገበ መሬት ግን የለውም። እርሱ ለመሬት ሲደርስ የሚሰጥ መሬት አልቆ ነበር። የአባቴን ሁለት ጥማድ ማሳ ነው የሚያርሰው፤ ተዳፋቷ ብትታከልለት ሦስት ይሆናል። ተዳፋቷ ደግሞ ከስድሳ በመቶ በታች ናትና እርከን ሠርቶ ቢያርሳት ሕግ አይከለክለውም። ስደውልለት ስለ ምንጯ፣ ስለ አፈሩ፣ ስለ ቨርጂኒያው ሽማግሌ ሁሉ ነገርሁት። ጨርሼ ስበቃ እንዲህ አለኝ፦

«ወንድምዓለም፤ አንተ ከባሕር ማዶ ሆነህ ዛፍ ትወዳለህ። እኔ እዚህ ሆኜ አምስት ልጅ አበላለሁ።»

መልስ አልነበረኝም። ቢያንስ እውነተኛ መልስ አልነበረኝም። ያለኝ ገንዘብ ነበርና ያን አቀረብሁ፦ «ከተዳፋቷ የምታገኘውን እህል ዋጋ በየዓመቱ እልክልሃለሁ» አልሁት። ወንድሜ አልተቈጣም። «ገንዘቡ አንተ ስትሞት ይቆማል፤ የልጆቼ ሆድ ግን አይቆምም» አለኝ።

በዚህች አንድ ዐረፍተ ነገር ወንድሜ የጉዳዩን ሁሉ እምብርት ነካው። የቨርጂኒያው ሽማግሌ ሲሰጡ ግብር ተቀነሰላቸው፤ የዋግ ገበሬ ሲሰጥ እንጀራ ይቀነስበታል። ሰቆጣ እኮ ስሟ ከልጆች ረኀብ ጋር የተያያዘ ከተማ ናት፤ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ነው የተባለው። በዚህ ምድር ላይ «ለተፈጥሮ ሲባል አትረስ» የሚል ሰው መጀመሪያ ማን እንደሚከፍል መናገር አለበት። እኔ በሳምንት መጨረሻ ድርቆሽ እያሰርሁ ያፈለቅሁት በጎ ሐሳብ ሒሳቡ የሚከፈለው ከወንድሜ ልጆች ማዕድ ነበር።

ጉዳዩን የፈታው እኔ አይደለሁም፤ የአባቴ የማርያም ማኅበር ነው። አባቴ ነገሩን በማኅበሩ ቀን፣ ጠላው ቀርቦ ሳለ አነሣው። ከዚያ በኋላ የሆነውን በስልክ ነው የሰማሁት። በመጀመሪያ የተነሣው ጥያቄ እኔ ያላሰብሁት ነበር፦ «ከምንጯ የሚጠጣው ማን ነው?» ዐሥራ አንድ ቤት ተቈጠረ። «እንግዲያው የሚከፍለውም እርሱ ነው» ተባለ። ተዳፋቷ አትታረስም፣ ዛፏም አይቈረጥም፤ ሣሯን እያጨደ ለከብቱ የሚወስደው ግን ወንድሜ ብቻ ነው፤ ቀፎም ይሰቅልባታል። ከምንጯ የሚቀዱት ዐሥራ አንዱ ቤቶች በየዓመቱ አንድ አንድ ቀን በደቦ ወጥተው በወንድሜ ማሳ ላይ እርከን ይጠግናሉ፣ ያጭዳሉ። ኅዳር 21 ቀን ማኅበርተኛው ሁሉ ወሰኗን ዞሮ ያያል። ቄሱ ገዘቱ፤ ሽማግሌዎቹም ግዝቱን መጀመሪያ በኽምጣጛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ አጸኑት።

ወንድሜ እሺ አለ። ከልቡ ይሁን ከይሉኝታ አላውቅም። ባለፈው መከር ግን ዐሥራ አንዱም ቤቶች መጥተዋል፤ ማሳውም በሁለት ቀን ታጭዶ አልቋል። «እህሉ ከተዳፋቷ እህል ይበልጥ ይሆን?» ብዬ ስጠይቀው «ገና ነው፤ እናየዋለን» ብሎኛል። ሐቀኛ መልስ ነው።

አሁን ያችን ያዙልኝ ያልኋችሁን ነጥብ አስታውሱ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንድ መሬት ለሌላ መሬት ጥቅም ሲባል ግዴታ ሊሸከም እንደሚችል ደንግጓል። አንደኛው ተሸካሚ፣ ሁለተኛው ተጠቃሚ ነው። ንብረትን ለማትረፍ ሳይሆን ለሕዝብ ጥቅም ለዘለቄታው መለየት እንደሚቻልም ያውቃል። በዋግ ተዳፋት ላይ ያለው ታሪክ ይኸው ነው፦ ላይኛው መሬት ይሸከማል፤ ታችኛው ይጠጣል። አሜሪካኖች ጎረቤት መሬት የሌለው ድርጅት ግዴታውን እንዲይዝ ለማስቻል አዲስ ሕግ አስፈለጋቸው። እኛ ዘንድ ግን ተጠቃሚው ጎረቤት እዚያው፣ እንስራውን ይዞ ቆሟል።

አንዲት መስመር

ማኅበሩ ከተስማማ በኋላ አባቴ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ መሬት አስተዳደር ባለሙያው ሄደ። የአማራ ክልል ገበሬ ይህን ደብተር ያውቀዋል፤ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ አለበት፤ የማሳው ስፋት፣ ለምነቱ፣ በሰሜን በደቡብ በምሥራቅ በምዕራብ የሚያዋስኑት ሁሉ ይጻፉበታል። አባቴ «ይህች ተዳፋት እንዳትታረስ ፈቅጃለሁ ብለህ ጻፍልኝ» አለው። ባለሙያው ጨዋ ልጅ ነው አሉ፤ ደብተሩን ገጽ በገጽ አገላብጦ አየውና «አባቴ፤ እንዲህ የሚባል ነገር የሚጻፍበት ቦታ የለውም» አለው። አባቴም አመስግኖ ወጣ።

የዚህ ሁሉ ሐተታዬ ማጠቃለያ ያች የሌለች መስመር ናት። መሬት ይሸጥ ይለወጥ አላልሁም። ሕገ መንግሥት ይሻሻል አላልሁም። ክልሉ በገጠር መሬት ደንቡ ውስጥ ባለይዞታው በፈቃዱ፣ ከሚጠቀሙት ጎረቤቶች ጋር ተዋውሎ፣ በይዞታው ላይ የሚጥለውን ገደብ በመዝገብ የሚያሰፍርበት አንድ ዓምድ ቢጨምር ከመንግሥት ባለቤትነት የሚጐድል ነገር የለም። ዛሬ ሕጉ ማሳውን ለዓመታት እንዲያከራይ የፈቀደለት ገበሬ፣ በ2016ቱ አዋጅም የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር የተፈቀደለት ገበሬ፣ እንዳይመነጠር አደራ መስጠት ለምን ይከለከላል? ለአበዳሪ ሊያስር ከቻለ ለልጅ ልጁ ማሰር ለምን ያቅተዋል?

ሁለት ፍርሃቶች አሉኝ፤ ልደብቃቸው አልፈልግም።

የመጀመሪያው፣ መንግሥታችን ፈቃድን ወደ ኮታ መለወጥ ይችልበታል። ዓምዱ ዛሬ ቢጨመር ነገ አንድ ሹም ተነሥቶ «በዚህ በጀት ዓመት አምስት መቶ አርሶ አደሮች በፈቃደኝነት እንዲሰጡ ታቅዷል» ሊል ይችላል። ያን ቀን ነገሩ ሞተ። ስለዚህ ዓምዱ የሚሞላው የሚጠቀሙት ጎረቤቶች በተራቸው ምን እንደሚከፍሉ ሲጻፍ ብቻ ይሁን። ክፍያ የሌለው ስጦታ በድኻ ላይ የተጣለ ቀረጥ ነው።

ሁለተኛው የበለጠ ያስጨንቀኛል። ለዘላለም ማለት ለዋግ ሰው ምን ማለት ነው? አባቴ በ1977 ዓ.ም. ያችን ተዳፋት ባይቈርጣት ኖሮ አባት አይኖረኝም ነበር። ያን ጊዜ ግዝቱ ቢኖርስ? ሰው ይሙት ወይራው ይቁም ልል ነውን? አልልም። ነገር ግን እንዲህ እላለሁ፦ የረኀብ መድኀኒቱ እህል ነው እንጂ ማገዶ አይደለም። ግዝቱን የመዘገበ መንግሥት ገበሬው ግዝቱን እንዲያፈርስ የሚያስገድድ ቀን እንዳይመጣ ዋስ መሆን አለበት። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት፣ ከዚያም በ2015 ዓ.ም. እነ አበርገሌን፣ ስሃላንና ዝቋላን በመታው ድርቅ ያየነው ግን ዋስ የሌለውን ሕዝብ ነው።

አባቴን ባለፈው ሳምንት ደውዬ ስለ ደብተሩ ጉዳይ አዝኖ እንደ ሆነ ጠየቅሁት። «በማኅበሩ መዝገብ ዲያቆኑ ጽፎታል፤ ወሰኑም ምስክሮቹም አሉ» አለኝ። ከዚያ ጥቂት ዝም ብሎ፦

«ልጄ፤ እኔ ሳስቀር ያስቀረሁት የቈረጥሁትን ነው። ስጦታ አትበለው፤ ዕዳ ነው» አለኝ።

እኔም ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም። መንግሥት በደብተሩ ላይ አንዲት መስመር ይጨምር፤ ዕዳውን በፈቃዱ የሚከፍል ሰው ደረሰኝ ይገባዋልና።

ቸር ይግጠመን።